የአንድ መስመር ቦታ

ተቋሙ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠዋት ጥበቃው ማብሪያውን ሲጫን አባቴ ድሮ የሠራው ኮምፒውተር ያለማንም እርዳታ ይነሳ። ዲስክ መክተት የለ፣ ገመድ መነካካት የለ፣ አባቴን በስልክ መጥራት የለ። ከተነሳ በመግቢያው አዳራሽ ለዕይታ አንድ ጠረጴዛ ይሰጠዋል። ካልተነሳ ጠረጴዛው ላይ የሌላ ነገር ፎቶግራፍ ይቀመጣል።

አባቴ ይህን የሰማው ከዳይሬክተሩ አፍ፣ በስልክ ነው። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ቀልቶ ነበር።

«ምን አለህ?» አለች እናቴ።

«በምረቃው ቀን መጀመሪያ ቁጭ ብዬ የምጽፍበት እኔ ነኝ አለ።»

«ታዲያ ይጻፍበታ። ምን ያስደነግጥሃል?»

«አልደነገጥኩም» አለ አባቴ። «ደስ ብሎኝ ነው።»

ደስታው ከምን እንደመጣ ለማስረዳት ስለ ዳይሬክተሩ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ባልወድም። ቤታችን ውስጥ በስሙ ተጠርቶ አያውቅም፤ «ከረባቱ» ነው የሚባለው። አባቴ ወጣት መሐንዲስ ሳለ ተቋሙ ውስጥ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከባዶ አንድ ኮምፒውተር ሠራ። ጓደኞቹ ቺፖቹ የሚሰኩበትን ሰሌዳ በየዱ፣ ሽቦውን ዘረጉ። ሥርዓተ ክወናውን፣ ማለትም ከቁልፎቹ ትእዛዝ ተቀብሎ ሌላውን ሁሉ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ብቻውን የጻፈው አባቴ ነው። ከረባቱ ያኔ የክፍል ኃላፊ ነበር። ከፎቅ ይወርዳል፤ እንደቆመ አንድ ትእዛዝ ይጽፋል፤ መጨረሻው ላይ ነጥብ ማድረግ ይረሳል፤ ማሽኑ «ስህተት» ይለዋል፤ «የእናንተ ዕቃ አይሠራም» ብሎ ይወጣል። ትእዛዝ ሁሉ በነጥብ እንደሚያልቅ አባቴ ነግሮታል፣ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎለታል። አንድም ቀን ነጥብ አድርጎ አያውቅም። በመጨረሻ «አይሠራም» የሚለውን ለበላዮቹ አሳወቀና ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ከውጭ ኮምፒውተር መጣ። አባቴም ንብረት ክፍል ተመድቦ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወንበርና መጋረጃ ሲያድል ኖረ።

ክፍሉ የሚታሸግበት ቀን ዋዜማ ላይ አባቴ ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር። ነጥብ ለረሳ ሰው «ስህተት» በማለት ፋንታ ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ይወጣል፦ «ማሽኑ ደህና ነው። ደም ወደ ጭንቅላትህ እንዲወጣ ከረባትህን ፈታ አድርገህ እንደገና ጻፍ።»

በማግስቱ ግን ከረባቱ አልወረደም። በሩን የሚቆልፍ ሰው ላከ።

ከዓመታት በኋላ ተቋሙ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ አባቴ ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ቤት አመጣው። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ለልጅ የሚነገር ተረት ቤታችን ውስጥ ይሄው ነበር፤ ጅቡ ከረባት ያሰረበት።

ሥራው እኔ ላይ የወደቀው ዩኒቨርሲቲ ስለተማርኩ ነው። አባቴ «ሊቋ» የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ነው፤ ሥራ ሊያዘኝ ሲፈልግም ነው። ሁለቱን መለየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

የማሽኑ ችግር ቀላል ነበር። ሥርዓተ ክወናው የሚኖረው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኮቹ ሻግተዋል፤ የማንበቢያው ላስቲክ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ይሳባል። አንዱን ዲስክ ጠርጌ፣ ሌላ ማንበቢያ ከሰው ለምኜ፣ ይዘቱን ወደ ላፕቶፔ ገልብጫለሁ። ከዚያ ወዲህ እሱም አልተነበበም። ሰሌዳው ላይ ግን ሮም የሚባለው ቺፕ አለ፤ መብራት ቢጠፋም የያዘውን የማይረሳ፣ ከተሰካ በኋላ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት። በውስጡ የነበረው ዲስኩን ቀስቅሶ የሚተኛ ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነው። እሱን አወጣና ሥርዓተ ክወናውን በሙሉ በቦታው አስገባለሁ። በቃ።

«በቃ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቺፑ የሚይዘው ስልኬ ውስጥ ካለች ከአንዲት ፎቶግራፍ ያንሳል። ከእሱ የሚበልጥ ደግሞ ሰሌዳው አይቀበልም፤ ሽቦውን ሲዘረጉ ከዚያ ላለፈ የማስታወሻ ቦታ መንገድ አልተዉለትም።

«ለምን አልተዋችሁም?»

«ማን ይሞላዋል ብለን ነዋ» አለ አባቴ።

የፊደሎቹ ቅርጽ ብቻ ሩቡን በላው። ስለዚህ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ በአንድ ወገን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እኔ በሌላው ወገን ላፕቶፔን ይዤ፣ መቀነስ ጀመርን። ማሽኑ ክዳኑ ተነስቶ ሆዱን ከፍቶ በመሃላችን ተጋድሟል። እናቴ ሰሃን ይዛ ትመጣለች፣ ማስቀመጫ ታጣለች፣ ትቆማለች።

«ይሄ ሬሳ መቼ ነው የሚነሳው?»

«ሬሳ አትበይው።»

«ካገባሁህ ጀምሮ እንደተኛ ነው። ምን ልበለው?»

የዲስኩን ክፍል አወጣነው። ቀጥሎ የአታሚውን ልናወጣ ስንል አባቴ እጁን ላፕቶፑ ላይ ጫነ።

«አታሚ ቢያመጡለትስ?»

«ማን ነው የሚያመጣው አባዬ? እንዲህ ያለ አታሚ እኮ ዓለም ላይ የለም።»

«ፕሮግራሙ ጥሩ ነበር።»

«ጥሩ ነው፤ ይውጣ።»

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ በአንዱ ቀን ተኳርፈን በሌላው ተጯጩኸን፣ ልክ ገባ። እውነተኛ ቺፕ በየሙከራው መነቃቀል አልችልም፤ እግሮቹ ይሰበራሉ፤ የዚያ ዘመን ቺፕ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው፣ እነሱንም ከተጣለ የስልክ ማዞሪያ ላይ ነቅዬ። በቺፑ ፋንታ ሶኬቱ ላይ የሚሰካ፣ ከላፕቶፕ የሚሞላ የሙከራ ሰሌዳ አለኝ። እሱን ሰክቼ ማብሪያውን ተጫንኩ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፣ ቀጥሎም «ይህን ሥርዓተ ክወና የጻፈው» ከሚል ቃል ጋር የአባቴ ስም ከነአባቱ ስም ወጣ። አባቴ አጨበጨበ። እናቴ ማማሰያ እንደያዘች መጥታ አየችና «ስምህ እኮ ያምራል» አለችው። ከእሷ አፍ ይሄ ብዙ ነው።

በማግስቱ ያንኑ ፕሮግራም በመጻፊያ መሣሪያዬ እውነተኛው ቺፕ ላይ ጽፌ ሰካሁት። ሞቶ ቀረ።

ነቀልኩ፣ ሰካሁ። እግሮቹን በአልኮል ጠረግሁ። ሰሌዳውን መስመር በመስመር ለካሁ። አባቴ ከጀርባዬ ቆሞ «ቀስ በይ፣ ታቃጥይዋለሽ» እያለ ይተነፍስብኛል። ጥፋቱ ሰሌዳው ላይ አልነበረም። የእኔ የሙከራ ሰሌዳ ይነበባል፣ ይጻፍበታልም። ቺፑ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። የአባቴ ፕሮግራም ደግሞ ራሱ ላይ ይጽፋል።

በዘመኑ ይህ የተከበረ ብልሃት ነበር። ቦታ ለመቆጠብ ሲል ፕሮግራሙ እየሠራ የራሱን ትእዛዞች እየፋቀ ይለውጣል። ዲስክ ላይ ሳለ ወደሚጻፍበት ማህደረ ትውስታ ስለሚጫን ምንም አይሆንም። ቺፕ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ሊፍቅ ይሄዳል፣ አይፋቅለትም፣ እንዳልተፋቀለት አያውቅም፣ ዘው ብሎ ገደል ይገባል።

«ይሄን ነገር ስንት ቦታ ተጠቅመህበታል?»

«በየቦታው» አለ አባቴ፤ ያውም በኩራት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ የሚጻፍበት ላይ እየሞከርሽ ሠራ የምትዪኝ ለምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲ ይሄን አላስተማሩሽም?»

«ዩኒቨርሲቲ ይሄን የመሰለ ነገር እንዳልጽፍ ነው ያስተማሩኝ።»

«ከሌላ መሥሪያ ቤት እየመጡ ይህን ብልሃት ከእኔ ይማሩ ነበር።»

«እንግዲያው እነሱ ይምጡና ያውጡልን።»

«ምላስሽ የእናትሽ ነው።»

«ሰማሁ!» አለች እናቴ ከጓዳ።

እያንዳንዱን ብልሃት እየነቀልኩ በቦታው ግልጽ ያለ፣ ፊት ለፊት የሚሄድ ትእዛዝ ተካሁ። ግልጽ ነገር ግን ቦታ ይፈጃል። አንዱን ባቀናሁ ቁጥር ሌላ ነገር ማስወጣት ግድ ሆነ። ማሽኑ ለየጥፋቱ የሚሰጣቸው መልሶች ሁሉ «ስህተት» ወደሚል አንድ ቃል ጠበቡ። አባቴ መጀመሪያ ላይ እየተከራከረ፣ በመጨረሻ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ አሳለፋቸው። ሁሉም ሲያልቅ የተረፈው ቦታ የአንድ መስመር ጽሑፍ ነበር።

«አንድ መስመር» አልኩት። «ከዚህ በላይ ጥርሴን ብነቅል አይገባም። ወይ ሲነሳ ስምህ ይውጣ፣ ወይ ያ ስድብ ይግባ። ሁለቱ አብረው አይሆኑም።»

«ስድብ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው።»

«ማስታወቂያው ይጠር። ‹ከረባትህን ፍታ› ይበቃል።»

«ያማ ትእዛዝ ነው። ደሙ ከሌለበት ምን ቁም ነገር አለው?»

«እሺ፣ ስምህን እናሳጥረው። የአባትህ ይቅር።»

«ያለ አባቴ ስም ማን ነኝ ብዬ ነው? ከጎረቤት የመጣ ሰው ይመስላል።»

«እንግዲያው ምረጥ።»

እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን ትጠርግ ነበር። «ምን ምርጫ አለው?» አለች። «ስምህን አስገባ እንጂ። አዳራሹ ውስጥ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ለአንድ ከረባት ብለህ?»

«አንቺ አይገባሽም።»

«አይገባኝም፤ ጠረጴዛዬን ብቻ ነው የምፈልገው።»

እስኪወስን ብዬ ሁለቱንም ቺፕ ጻፍኳቸው፤ አንዱ ላይ ስሙን፣ ሌላው ላይ ስድቡን። እነዚህ ቺፖች ጀርባቸው ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አላቸው፤ በዚያ በኩል ሐምራዊ መብራት ሲበራባቸው የያዙትን ሁሉ ይረሳሉ፤ እንደገና ይጻፍባቸዋል። ሳይታሰብ ብርሃን እንዳያገኛቸው መስኮቱ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል። አንዱ ፕላስተር ላይ «ስም»፣ ሌላው ላይ «ስድብ» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። አባቴ ሁለቱን መዳፉ ላይ እያንከባለለ ብዙ ዋለ።

የተቋሙ መኪና መጥቶ ማሽኑን ሊወስድ ሲል «ስድቡን ስኪው» አለኝ።

ተናደድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስደክም እኔ በበኩሌ የደከምኩት ለስሙ ነበር። «አንድ ሰው እንዲስቅልህ ብለህ ነው?»

«እሱ አይስቅም» አለ። «ነገሩም እሱ ነው። ስሜን አገር ቢያነበው ምን አገኛለሁ? እኔ የምፈልገው አንድ አንባቢ ነው።»

ሰካሁት። አባቴ አጎንብሶ አንድ ትእዛዝ ጻፈና ነጥቡን ሆን ብሎ ተወው። መስመሩ ፊደል በፊደል ወጣ፦ ማሽኑ ደህና ነው፣ ደም፣ ጭንቅላት፣ ከረባት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አባቴ እንዲያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ደስ አላለኝም። ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ «የሚወሰደው ይሄ ነው?» አለ።

በምረቃው ቀን አባቴ ኮቱን ለበሰ፤ ከረባት ግን አላሰረም፤ እሱም ታስቦበት ነው። እናቴ አልመጣችም፤ «ሁለት ሽማግሌ ሲጨባበጡ ለማየት ጫማ አልቀይርም» አለች።

አዳራሹ ወለሉ ተወልውሎ ሰው ያንሸራትታል። የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከፊት ማይክሮፎን ቆሟል። ማሽኑ ከግድግዳው ጋር ነው። ከላይ እስከ ታች፣ ስክሪኑም ቁልፎቹም፣ በወፍራም መስታወት ሳጥን ተከድኗል። የሳጥኑ ማዕዘኖች በብሎን ታስረዋል። ማብሪያው ብቻ በገመድ ወደ ውጭ ወጥቶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተገጥሟል። ከሥሩ «በተቋማችን ባለሙያዎች የተሠራ» የሚል ጽሑፍ አለ።

አባቴ መስታወቱን በጣቱ ነካው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለው ጥበቃውን።

«ትናንት ነው የተገጠመው አባባ። ልጆች ቁልፎቹን እየነቀሉ ይወስዳሉ ብሎ ንብረት ክፍል ፈራ።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚጻፍበት?»

«አይጻፍበትም። የሚታይ ነው እንጂ።»

አባቴ ሠላሳ ዓመት ገደማ የኖረው እዚያው ንብረት ክፍል ነው። እኔ ዞር አልኩ፤ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር፤ የሚያስቅ ስለሆነ አይደለም።

ዳይሬክተሩ መጣ። ያሰረው ከረባት ሰማያዊ ነው። ጡረታ እንኳ የሚፈራው ሰው ነው እያለ አባቴ ሲያማው ስለኖረ ግዙፍ ነገር ጠብቄ ነበር፤ አንገቱ ከኮሌታው የቀጠነ፣ ፈገግታው ደግ የሆነ ሽማግሌ ነው። ክፉ ቢሆን በተሻለኝ። አባቴን ሲያይ እጁን ዘርግቶ መጣና አቀፈው።

«ኢንጂነር! አለህልኝ! ዛሬ ልጽፍበት ጓጉቼ ነበር እኮ፣ እነዚህ ልጆች በመስታወት ዘጉብኝ።»

«ይከፈት ይሆን?» አለ አባቴ። ድምፁ ቀጭን ሆነ። «ለአፍታ ብቻ፣ እርስዎ አንድ ነገር እንዲጽፉበት።»

«ተወው፣ ብሎኑን ማን ይፈታል አሁን? እንግዶቹ ቆመዋል።»

ንግግር አደረገ። «ባለሙያዎቻችን» አለ፤ «ትውልድ» አለ። አባቴን በስም አልጠራውም፤ «እዚህ ከመካከላችን ያሉ» አለና ወደ እኛ አቅጣጫ በደፈናው በእጁ ጠቆመ። ከዚያ ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ በአናቱ ጥግ ላይ አንዲት አጭር ጭረት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ሌላ ምንም። ተቋሙ የጠየቀው ሁሉ ተፈጽሟል። ጭብጨባው ሳሳ፤ አንዳንዱ ገና የሚመጣ ነገር ያለ መስሎት እጁን አንስቶ ጠበቀ።

ዳይሬክተሩ ወደ አባቴ ጠጋ አለ። «ይሄው ነው? ባዶ ነው እንዴ?»

«ትእዛዝ ነው የሚጠብቀው።»

«ሰው ሲያየው አይሠራም ይላል እኮ። የተቋሙ ስም እንኳ ቢወጣበት ምን አለ? እስቲ ልጅህ አንድ መስመር ብትጨምርበት።»

«ቦታ የለም» አለ አባቴ።

«በምን ሞላ?»

አባቴ ከረባቱን አየው። ማሰሪያውን፣ ሰማያዊውን ጨርቅ፣ ከላዩ ያለውን ቀጭን አንገት። አፉ ተከፈተ። በለው፣ አልኩ በልቤ፤ እዚሁ ፊቱ ቆሟል፣ መስታወት የለበትም፣ በለው እንጂ!

«በልዩ ልዩ ነገር» አለ አባቴ። «እርስዎም ያውቁታል፤ ያኔ ሁሉም ነገር ጠባብ ነበር።»

«አይ ያ ዘመን!» አለ ዳይሬክተሩ እየሳቀ። ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ቦታ የለም የእኔ ልጅ?»

«የለም» አልኩ።

ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ፎቶ ወደሚነሱት ሄደ።

አውቶቡስ ላይ አባቴ መስኮት በኩል ተቀመጠ። ብዙ ታገስኩ፤ መታገስ ደግሞ አልችልበትም።

«ለምን በአፍህ አልነገርከውም? ቃሉን በቃልህ ታውቀዋለህ እኮ!»

«በአፌ ብችልበት ኖሮ» አለ ሳይዞር፣ «ማሽን ውስጥ ምን አስገባኝ?»

ፌርማታችን ሲደርስ ቀድሞኝ ወረደ።

ቤት ስንገባ ጠረጴዛው ተወልውሎ ጨርቅ ለብሷል። ማሽኑ የነበረበት ቦታ ላይ የዳቦ ሰሃን ተቀምጧል።

«እህስ፣ ተነሳ?» አለች እናቴ።

«ተነሳ።»

«ነጥቡን ረሳ ሰውዬው?»

አባቴ ኮቱን ሊያወልቅ ወደ ውስጥ ገባ። «መስታወት አልብሰውታል» አልኳት። «አይጻፍበትም።» እናቴ አንድ ነገር ልትል ነበር፤ ሊያስቅ የሚችል ነገር እንደሆነ ከፊቷ ታየኝ። ዋጠችው። ዳቦውን መቁረጥ ጀመረች።

አባቴ ሲመለስ ቦርሳዬን ከፍቶ «ስም» የሚለውን ቺፕ አወጣ። አልጠየቀኝም። ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠው፤ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ቺፕ ማስረሻ የመብራት ሳጥን ወስዶ ውስጡ አስቀመጠው፤ ክዳኑን ዘግቶ አበራው።

«ቺፕ አይገኝም ብለሻል» አለ። «ለሌላ ሥራ ይሁንሽ።»

ቅጂው ላፕቶፔ ውስጥ አለ ልለው እችል ነበር። እውነትም አለ። ግን ምን ላይ ልንሰካው ነው? በክዳኑ ጠርዝ ሐምራዊ ብርሃን ቀጭን ሆኖ ይታያል። ተቀምጠን በላን።

ለሥራ በዚያ በኩል ሳልፍ አንዳንዴ ወደ አዳራሹ ጎራ እላለሁ። ጭረቷ መስታወቱ ውስጥ ብልጭ ድርግም ትላለች። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ከልጇ ጋር ቆማ አየኋት።

«አይሠራም እንዴ?» አለችው ጥበቃውን።

«ይሠራል።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚሠራው?»

ጥበቃው ትከሻውን ሰበቀ። እሷም ልጇን ይዛ ሄደች።